ዝሆኔ እግር ይመርጣል

(ስለ ኑሮ ልዩነትና ስለ ጤና በአንድ አዳራሽ ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ጎንበስ በሉና እግራችሁን እዩ።

አያችሁ? እኔም ከዚህ ሆኜ እያየሁ ነው። ስኒከር አለ። ቆዳ ጫማ አለ። ከኋላ አንድ ሁለት ነጠላ ጫማም ይታየኛል፤ ችግር የለም፣ አላጋልጥም። ባዶ እግሩን የመጣ ሰው ግን የለም።

እንግዲያው ትንቢት ልናገር። ልጅነቱን በባዶ እግር ካሳለፈ ሰው በቀር፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ አንዳችሁም የደጋው ዝሆኔ አይዛችሁም። ክትባት ስለወሰዳችሁ አይደለም። ጎበዝ ሐኪም ስላላችሁም አይደለም። ጫማ ስላላችሁ ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ልዩነት በጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነበብ አዳራሹ ግማሹ ስልኩን ያወጣል፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጫማ ላውራ። ርዕሱ ጫማው ውስጥ አለ።

ዝሆኔ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በትንኝ የሚተላለፈው ነው። እሱም አለ፣ ቆላው ላይ። የደጋው ዝሆኔ ግን ሌላ ነው። ትል የለበትም። ጀርም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መንስኤው አፈር ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ ድንጋይ በዝናብና በዘመን ተፈጭቶ የሆነው ቀይ አፈር። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው፣ ለዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ሰርገው ይገባሉ። እግራችን ውስጥ ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ቅንጣቶቹ እዚያ ሲደርሱ ቱቦው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻ ይዘጋል። ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ፈሳሽ እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ላይ ማሳከክ ነው። ማታ ማታ እግር እንደ እሳት ይለበልባል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚጀምረው በአፍላነት ወይም በወጣትነት ነው፤ እናንተ ባላችሁበት ዕድሜ ማለት ነው። ከዚያ እብጠቱ ይመጣል። ከጣት ይነሳና ወደ ጉልበት ይወጣል። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ያወጣል።

አፈሩ ላይ ጣቱን የቀሰረው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሲያክም የኖረ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ (ዛሬ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ታገሡኝ) ያበጡ እግሮችን ተከትሎ አገሩን ዞረ። ትንኝ አላገኘም። ትል አላገኘም። ከሕመምተኞቹ ንፍፊት ውስጥ የአፈር ማዕድን አገኘ። ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ እንደማለት ነው። ግሪክኛው ምሁር ያስመስላል እንጂ፣ ሲፈታ «ባዶ እግር» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት የተነፈጋቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር የቆጠረው በ2011 ነው። ትኩረት ከተነፈጋቸውም ውስጥ ሲረሳ ኖረ ማለት ነው።

የት ይገኛል? ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ቀይ አፈር ባለበት። ይህ እንግዲህ የአገራችን ለም መሬት ነው። ጤፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናው ያለበት። በ2013 አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከዚያ በተሠራው ስሌት 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በሽታው አለባቸው። በሽታው ሊይዝ በሚችልበት መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ወደ 35 ሚሊዮን ይጠጋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እዚያው መሬት ላይ የግብርና ባለሙያውም ይሄዳል። የወረዳው አስተዳዳሪም ይሄዳል። ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ እኔም ሄጃለሁ። አፈሩ ያው አፈር ነው። ዝሆኔ የያዘው አስተዳዳሪ ግን አላየሁም።

*

ለምን ጫማ አያደርጉም? ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄያለሁ። ጠይቄም አፍሬያለሁ። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

አዲስ ተመራቂ ነበርኩ። የደረሰኝ ጎጃም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ጋዋኔ አዲስ፣ እውቀቴ አዲስ፣ ጫማዬም አዲስ። አንድ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አያልፍም፤ ፊታቸው ግን ሰባ ይላል። ወንበር እያለ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ» አልኳቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል ልጄ።»

በኋላ ነው የገባኝ። እግሬ ይሸተዋል ብለው አፍረው ነው።

እኔ ተነስቼ ሄድኩ። እግራቸውን አየሁ። የተማርኩትንም ወረድኩባቸው። አፈሩ እንዲህ ያደርጋል፣ ቱቦው እንዲህ ይሆናል፣ ስለዚህ ጫማ ማድረግ አለብዎት። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጫማማ አለኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አያደርጉትም?»

«ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ነዋ! ጭቃ ውስጥ ላበስብሰው እንዴ?» አሉና ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። «ደሞ እሱም ዱሮ ቀረ። እስቲ በዚህ እግር የሚገባ ጫማ ፈልገህ አምጣልኝ።»

የምለው ጠፋኝ። ጸረ ተሕዋሲያንና ፓራሲታሞል ጻፍኩላቸው። አመስግነው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ቤታቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በባዶ እግር፣ በዚያው አፈር ላይ። በማዘዣ ወረቀት ላይ «ጫማ» ብዬ ልጽፍ አልችልም። የትኛውም መድኃኒት ቤት ሄዶ የሚያወጣው ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ትቼ ማየት ጀመርኩ። ሐምሌ ላይ ጤፍ ሲዘራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማሳው ተረግጦ እንደ ገንፎ ይላቆጣል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እዚያ ውስጥ ኮንጎ ጫማ አድርጋችሁ ግቡ፣ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ጭቃው ይነጥቃችኋል። በበጋ ደግሞ ኮንጎው እግር ይቀቅላል። በረባሶ ጠንካራ ነው፤ ጎማው እኮ መኪና የተሸከመ ነው። ግን ክፍት ነው፣ አፈሩን አያስቀርም። ጭቃውን የሚችለው ቦት ነው። ቦት ለማን ይገዛል? አምስት ልጅ ባለበት ቤት መጀመሪያ ጫማ የሚገዛለት ትምህርት ቤት የሚሄደው ነው። እናትየዋ መጨረሻ ናት። ለእሷ እስኪደርስ የመጀመሪያው ያለቅበታል።

ደግሞ ጫማ ብቻውን አይበቃም። እግር መታጠብ አለበት። በየቀኑ፣ በሳሙና። እናንተ ቧንቧ ትከፍታላችሁ፤ እሺ፣ አዲስ አበባም ቢሆን በፈረቃ ነው፣ ገባኝ። እሳቸው ግን ጀሪካን አዝለው ምንጭ ወርደው ይመለሳሉ። ሃያ ሊትር ነው። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለልጆቹ ፊት፣ ለጥጃው። ከዚያ ለእግር ስንት ይተርፋል? ማታ ሲገቡ ደግሞ የቤቱም ወለል አፈር ነው።

«ደሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» ይባላል። ስንተርት እንስቃለን። የተተረተው ግን ስለ ሕመም ነው። ንጣት ነው ያለው፣ ሞት ነው ያለው። አባቶች ጥናት ሳይሠሩ አውቀውታል።

*

አሁን ደግሞ በሽታው ከገባ በኋላ የሚሆነውን እንይ። ድህነት በሽታ ያመጣል ብለን ካቆምን ግማሹን ነው የተናገርነው።

ዝሆኔ ያለበት ሰው እግሩ አብጦ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየጊዜው ይነሳበታል። ትኩሳት ይመጣል፣ ንፍፊት ይወጣል፣ እግሩ ይቀላል፣ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ለቀናት አይነሳም። መቼ ይነሳበታል? ብዙ ሲሠራ፣ ብዙ ሲሄድ። ማለትም በእርሻና በአጨዳ ጊዜ። ማረፍ በማይቻልበት ሰዓት።

በ2006 የታተመ የወላይታ ጥናት አለ። ሕመምተኛው ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን ያጣል ይላል። ከመቶ ቀን አርባ አምስቱን። ይህ እንግዲህ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚበላ ሰው አይደለም፤ የሕመም ፈቃድ የለውም። ያላረሰው መሬት ያው ጦም ያድራል፤ ወይም ለእኩል ይሰጣል። እኩል ማለት ደግሞ ግማሹ ምርት ሄደ ማለት ነው። ያ ጥናት 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት በዚያ አንድ ዞን ብቻ በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚጠፋ አስልቷል። በጫማ ቢመነዘር ስንት እግር እንደሚሸፍን እናንተ አስሉት። እኔ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ።

ምርቱ ሲያንስ ጫማው ይቀራል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አባቱን ተክቶ ያርሳል። በባዶ እግሩ። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሌላም አለ። ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ አይጠየቅም። «ዘር ነው» ይባላል። ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ሙያዋ የተመሰከረ ነው። «የእናቷን እግር አይታችኋል?» ይባልና ሽማግሌ ሳይላክ ይቀራል። ሕመምተኛውም ራሱን ያርቃል። ሠርግ አይሄድም። ዕድር ላይ ከጥግ ይቀመጣል። በእርግማን ነው የሚል አለ፣ በመተት ነው የሚል አለ፣ የሞተ እባብ ረግጦ ነው የሚል አለ። እነዚያ እናት በሩ ሥር የተቀመጡት ለዚህ ነው።

«ዘር ነው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለው። በ2012 ወላይታ ላይ የተሠራ የዘረ መል ጥናት ታትሟል። አንዳንድ ሰው ለአፈሩ ከሌላው የበለጠ ተጋላጭ ሆኖ ይወለዳል። ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን ይዞት ሌላውን የሚተወው ለዚያ ነው። ግን እስቲ ሁለት ወንድማማቾች አስቡ። አንድ ደም ናቸው። አንዱ ተምሮ ባንክ ቤት ገባ። ሌላው አባቱን ተክቶ ቀረ። ቆዳቸው ያው ነው። ባንክ ቤት የገባው ያን ተጋላጭነት ይዞት ይኖራል፣ ይዞት ይሞታል፣ እንዳለውም አያውቅም። ካልሲው ሸፍኖታል።

አውሮፓም ነበር እኮ ይህ በሽታ። ፈረንሳይ፣ አየርላንድ፣ ስኮትላንድ ውስጥ እንደነበረ ይነገራል። ሰሜን አፍሪካም ነበር። ጠፋ። አንድም ሰው መድኃኒት አላገኘለትም፤ አንድም ዘመቻ አልተደረገበትም። ሰዉ ጫማ መግዛት ቻለ፣ በሽታው ሄደ። የሰዉ ዘር ግን አልተለወጠም።

*

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ «በቃ፣ ስለ በጣም ድሃው ነው የምታወራው» የሚል ይኖራል። «እኛ ጫማ አለን፣ አይመለከተንም።» ቆይ።

ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ኋይትሆል የሚባል መንገድ አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተደረደሩበት። በ1967 ተመራማሪዎች እዚያ የሚሠሩ ከ17,000 በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን መከታተል ጀመሩ። በኋላ ሥራውን ከፍ ያደረገው ማይክል ማርሞት የሚባል ሐኪም ነው። አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች ሁሉም ቋሚ ሥራ አላቸው። ሁሉም ጫማ አላቸው። የሚራብ የለም። ሕክምና ከ1948 ጀምሮ በነጻ ነው። የሚጠበቀው ምን ነበር? አለቃው ጭንቀቱ ብዙ ስለሆነ በልብ ድካም ቶሎ ይሞታል ተብሎ ነበር የሚወራው። ዛሬም ይወራል።

የተገኘው ግልብጡ ነው። ታች ያሉት፣ ተላላኪውና በረኛው፣ በክትትሉ ዓመታት የሞቱበት መጠን ከላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ይኼም ብቻ አይደለም። ነገሩ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። ሁለተኛው እርከን ላይ ያለው ከአንደኛው ይብሳል። ሦስተኛው ከሁለተኛው። ጥሩ ደመወዝ የሚበላው መካከለኛ ሹም እንኳ ከአለቃው በላይ ይታመማል። «ታች ያሉት ስለሚያጨሱ ነው» ተባለ። ሲጋራውም፣ ደም ግፊቱም፣ ኮሌስትሮሉም ተቀናንሶ ሲታይ ልዩነቱ አብዛኛው እንዳለ ቁጭ አለ።

ታዲያ ምንድን ነው? በ1985 ሁለተኛ ዙር ተጀመረ፤ ያኔ ሴቶችም ገቡ። ከመልሶቹ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ሥልጣን ሆኖ ተገኘ። ሥራውን መቼና እንዴት እንደሚሠራ መወሰን የማይችል ሰው ልቡ ይታመማል። እኔ ይህን ሳነብ ቢሮአችን ያለው ተላላኪ ነው የታወሰኝ። አለቃው ይጠራዋል፣ የአለቃው ጸሐፊ ትጠራዋለች፣ እኔም እጠራዋለሁ። ሻይ ሊጠጣ ሲቀመጥ ይጠራል። የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ ያስባል። የቤት ኪራዩን ያስባል፤ አከራዩ ነገ ምን እንደሚል አያውቅም። ሰውነቱ ቀኑን ሙሉ ሊመጣ ላለ ዱላ እንደተዘጋጀ ነው። አንድ ቀን እንደዚያ መዋል አይጎዳም። ሃያ ዓመት ግን ደም ሥር ይበላል። «የደላው ሙቅ ያኝካል» ያለው ሰው ይህን ልዩነት ሳያውቀው አልቀረም።

ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎ የምትባል ከተማ አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2008 ባወጣው ሪፖርት ስሟን አንስቷል። ካልተን በሚባለው ሰፈር የሚወለድ ወንድ 54 ዓመት ይኖራል ተብሎ ነበር ያኔ የሚጠበቀው። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ሌንዚ 82። ልዩነቱ 28 ዓመት ነበር። ያው ዝናብ፣ ያው ብርድ፣ ያው መንግሥት፣ ያው ነጻ ሕክምና። ሰፈሩ ነው የተለየው።

*

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ ጋ ነገሩ እንደ ለንደን ረቂቅ አይደለም፤ በዓይን ይታያል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከከተማ እናቶች 79 በመቶው በጤና ተቋም ወለዱ። ከገጠር 20 በመቶው። ምጥ ያው ምጥ ነው። ልዩነቱ መንገድ ነው፣ አምቡላንስ ነው፣ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ መገኘቱ ነው፣ «ልሂድ» ለማለት የባል ፈቃድ መጠየቁ ነው። ሲዘገይ ልጁ ይሞታል፤ እናትየዋ ከተረፈች ፊስቱላ ይዛ ትተርፋለች። ስለ ፊስቱላ ብቻ ሌላ ምሽት ያስፈልገናል፤ እዚህ አልገባበትም። ስለ ማዕድ ቤት ጭስ፣ ስለ ኩበትና ስለ ሕፃናት ሳንባም እንዲሁ።

መቼም ሁሉን አጨልሜ ብሄድ ይከፋኛል፤ እውነትም አይሆንም። በ2000 ከመቶ ሺህ ወላዶች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ጥናት 412 ሆነ። ዛሬም ብዙ ነው፣ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። የሕፃናት መቀንጨር ቁጥርም ከ58 በመቶ ወደ 38 ወረደ። ይህን ያደረገው ትልልቅ ሆስፒታል ብቻ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። በጣም ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ክትባት ይሰጣሉ፣ እርጉዝ ይመዘግባሉ። እኔ የማከብረው ባለሙያ ማን ነው ብትሉኝ፣ ስፔሻሊስቱን ሳላስቀይም፣ እነሱን ነው።

ለዝሆኔስ? እሱም ይቻላል። ዘዴው ቀላል ነው። ሳፋ፣ ውኃ፣ ሳሙና። ውኃው ላይ ትንሽ በረኪና ጠብ ይደረጋል። እግር ይዘፈዘፋል፣ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል። ካልሲና ጫማ። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። በቃ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ በ2018 ውጤቱ ታተመ። ግማሾቹ ይህን እንክብካቤ ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ዓመቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። የጠበቁት በዓመት 24 ጊዜ ገደማ ተነሳባቸው። የታጠቡት 19 ጊዜ ገደማ።

ባልደረቦቼ ይህን ውጤት ሲያነቡ ደስ አላቸው። ትክክል ናቸው፤ በሳሙናና በቫዝሊን ከአምስት አንዱን ስቃይ መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔን ግን ሌላኛው ቁጥር ነው የያዘኝ። አስራ ዘጠኝ። ታጥበውም፣ ቀብተውም፣ ተጫምተውም፣ በዓመት አስራ ዘጠኝ ጊዜ ወደቁ። እግሩን እናጥበዋለን፣ ከዚያ ወደዚያው መሬት፣ ወደዚያው ወለል እንመልሰዋለን። ይህ የሳሙናው ጥፋት አይደለም። ሳሙና ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ልጁ መጀመሪያ መራመድ ሲጀምር ነበር ጫማው መድረስ የነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ጀርመናዊ ላንሳ፤ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። ሩዶልፍ ቪርኾ ይባላል። በ1848 ላይኛው ሲሌዥያ በሚባል የድሆች አገር ተስቦ ሰዉን ይፈጅ ነበር። መንግሥት ይህን የ26 ዓመት ሐኪም ሂድና መርምር ብሎ ላከው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ሁሉም የሚጠብቀው የመድኃኒት ስም ነበር። እሱ ምን ጻፈ? ለሕዝቡ ነጻነት ስጡት፣ በራሱ ቋንቋ አስተምሩት፣ መንገድ ሥሩለት፣ ግብሩን ከድሃው ላይ አንሱ። አለቆቹ ምን እንዳሉ መገመት ትችላላችሁ። በዓመቱ ከሥራው ተነሳ። በኋላ የዘመናዊ ሕክምና አባቶች ከሚባሉት አንዱ ሆነ፤ ያን ሪፖርት ግን የሕክምና ተማሪ ሆኜ ማንም አላስነበበኝም። ያስነበቡኝ ስለ ሴል የጻፈውን ነው።

*

ስለ እነዚያ እናት ጠይቁኝ። ሁልጊዜ ከንግግር በኋላ ሰው የሚጠይቀኝ እሳቸውን ነው፤ ስለዚህ ቀድሜ ልናገር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ወረዳችን ውስጥ የዝሆኔ እንክብካቤ ጀመረ። የእግር ልክ የሚወስድ ጫማ ሰፊ አመጡ። አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ ሄዳ አመጣቻቸው። ልካቸው ተወሰደ። ጫማው ተሰፋ፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ በላስቲክ ሶል። ሲያደርጉት አልቅሰው ነበር ብላ ነገረችኝ፤ እኔ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ነበርኩ። ክረምት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። እማማ ከሩቅ ሲመጡ አየኋቸው። እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰዋል። በቀኝ እጃቸው ዱላ፣ በግራ እጃቸው ፌስታል።

በሩ ጋ ሲደርሱ ፌስታሉን ፈቱት። ጫማው እንደተሰፋ ነው፤ ያብረቀርቃል።

«እማማ፣ ለምን አላደረጉትም?» አልኳቸው።

«እንዲህ ባለ ጭቃ? ሌላ የት አገኛለሁ ልጄ?» አሉ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው ዓይናቸውን ፍጥጥ አድርገው።

ከዚያ እግሬን ልታጠብና ላድርገው አሉ። ሳፋ አምጥቼ ውኃ ቀዳሁላቸው።